እንቅልፍ የሚሰርቅ ሩጫ፦ ለትራክ ሾፌሮች ስለ ጽናት ለተጻፈው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ከዴንቨር እስከ ዳላስ፣ ከሚኒያፖሊስ እስከ ላስቬጋስ ትራክ በሚነዱ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ሳምንታትን መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሾፌር በረጅም ርቀት ሩጫ አእምሮውን እንዴት ማጽናት እንደሚችል ይናገራል። ጉዳዩ ጥሩ ነው፤ አጻጻፉም ያነቃቃል። አንብቦ በማግስቱ ጫማ የገዛ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ምክሩን እንዳለ ተቀብሎ የሚፈጽም ሾፌር ብዙም ሳይቆይ ወይ ቅልጥሙን ይታመማል፣ ወይ መሪ ላይ ያንቀላፋል። መታመሙስ ለራሱ ነው። እስከ 80,000 ፓውንድ የሚመዝን ተሽከርካሪ ይዞ ማንቀላፋት ግን የሌላውንም ሰው ሕይወት የሚነካ ነውና ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት የአእምሮ ጽናት የሚገኘው ቀን ሳያዛንፉ በመሮጥ ነው፤ 21 ቀን የቀጠለ ሰው ልማድ ያደርገዋል፣ መሀል ላይ አንድ ቀን የዘለለ ግን ከዜሮ ይጀምራል። ጊዜ የለኝም የሚል ሾፌር ሰበብ እየፈለገ ነው፤ ሕጉ ከ11 ሰዓት በላይ ስለማያስነዳው 13 ሰዓት የራሱ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ 10 ኪሎ ሜትር ይሩጥ፣ አምስት ሰዓት እንቅልፍ ይበቃዋል፣ የጎደለውን ሩጫው ራሱ ይሞላለታል። ካልከበደና ካላመመ ሩጫ አይባልም፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏልና ጫማም፣ ቦታም፣ ጨለማም ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። በጾም የሮጠ እጥፍ ያተርፋል። እንዲህ የተገነባ ጽናት ደግሞ በራሱ ጊዜ ወደ መሪው ይሻገራል፤ ሯጭ የሆነ ሾፌር ታጋሽ ሾፌር ይሆናል። በመካከሉም ዶክ (ጭነት የሚጫንበትና የሚራገፍበት ቦታ) ላይ ተራ እየጠበቁ ትራካቸውን ሲዞሩ የሚታዩ ሰዎች ላይ ቀልድ ጣል አድርገዋል።

የምስማማበት አለኝ። ለመጀመር ውድ ሰዓትና ልዩ ልብስ አያስፈልግም ማለታቸው ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ የማነቃቂያ ንግግር መስማት ሃያ ደቂቃ መሮጥን አይተካም ማለታቸውም እንዲሁ። ጫማና ካልሲ ከዋዜማው ተዘጋጅተው ከስሊፐሩ (ከትራኩ መኝታ ክፍል) አልጋ አጠገብ ይቀመጡ የሚለው ምክራቸው ደግሞ ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ ጠቃሚው ይመስለኛል። ቀጥሎ የምለው ይህን ሁሉ ይዤ ነው።

ተራቸውን ልቀይርና በሰዓቱ ልጀምር፤ አደጋው ያለው እዚያ ነውና።

13 ሰዓት የራሱ ነው የሚለው ሒሳብ ወረቀት ላይ እንኳ አይሠራም። የፌዴራሉ ደንብ ሾፌሩን በ11 ሰዓት መንዳት ብቻ አይገድበውም፤ ሥራ ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ የሚቆጥር የ14 ሰዓት መስኮትም አለው። ጭነት መጠበቅ፣ ነዳጅ መቅዳት፣ መኪናውን መፈተሽ ሁሉ በዚያ ውስጥ ያልቃል። የተረፈው 10 ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ ሰባት ሰዓት ተኩል ለእንቅልፍ ይነሳ። 40 ደቂቃ ለእራት፣ ትራክ ስቶፑ ላይ ወረፋ ጠብቆ ገላ ለመታጠብ ሌላ 40 ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ቤት ለመደወል። የቀረው 40 ደቂቃ ነው። ልብስና ጫማ መቀየር አምስት ደቂቃ፣ ወደ ሩጫ መግቢያና መውጫ እርምጃው አሥር ደቂቃ ከወሰደ ለሩጫ የሚተርፈው 25 ደቂቃ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን እውነተኛ ነው፤ ለጀማሪም ከበቂ በላይ ነው።

አሁን የጸሐፊውን 10 ኪሎ ሜትር እናስገባ። አንዱን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ የሚሮጥ ሰው አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ዝግጅቱ ሲጨመር 75 ደቂቃ። ካለው 40 ደቂቃ በላይ የሆነው 35 ደቂቃ የሚመጣው ከእንቅልፍ ነው። በአምስት የሥራ ቀን 175 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ እንቅልፍ ተሰረቀ። ይህ የእኔ ሒሳብ ነው፤ አምስት ሰዓት እንቅልፍ ይበቃል ባሉት በእሳቸው ሒሳብ ከሄድን ጉድለቱ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ደንቡ መቁጠር የሚጀምረው ሥራ ከተጀመረበት ነው፤ ሰውነት ግን የሚቆጥረው ከነቃበት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት (በሥራ ሰዓት መዝገቡ፣ በሎጉ ላይ፣ 4፡00 ኤኤም የሚባለው ማለቴ ነው) ተነስቶ የሮጠ ሰው፣ የሚጭንበት መጋዘን የሚከፈተው ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነና ሥራውን ያኔ ከጀመረ፣ መስኮቱ የሚዘጋበት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ያኔ ሎጉን የሚይዘው መሣሪያ፣ ኢኤልዲው፣ ምንም ጥፋት አያሳይም። ሾፌሩ ግን ነቅቶ 17 ሰዓት ሞልቶታል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ እንደሚያስረዳው 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮው የሚሠራው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። ለንግድ መኪና ሾፌር የተፈቀደው ጣሪያ ደግሞ 0.04 ነው። ጠጥቶ መንዳትን የሚጸየፍ ሰው ይህን ጽናት ብሎ ሊጠራው አይገባም። ሩጫ ለአንድ ሰዓት ያህል እንቅልፍን ያባርር ይሆናል፤ ያልተተኛውን እንቅልፍ ግን አይከፍልም። በድካም ምክንያት ችሎታው የተዳከመ ሾፌር ሰዓት ቢቀረው እንኳ እንዳይነዳ ደንቡ ራሱ ይከለክላል።

በግማሽ ሰዓቷ እረፍት አምስት ኪሎ ሜትር ይሮጣል ማለታቸውም እንደዚሁ ነው። ከስምንት ሰዓት መንዳት በኋላ የምትመጣው ያቺ 30 ደቂቃ ልብስ ለመቀየር፣ ለመሮጥና ላብ ለማድረቅ አትበቃም። ሞቆ የተፍታታ ጡንቻ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቋንጃው ይጨመደዳል፤ ማታ ላይ ከመኪናው ሲወርድ የሚያነክሰው ለዚያ ነው። ያ ሰዓት ለእርምጃ፣ ለውሃና ለሽንት ይሁን።

ታዲያ መቼ ይሮጣል? ብዙ ጊዜ የሚሻለው መኪናው ከቆመ በኋላ፣ እራት ሳይበላና አልጋ ላይ ጋደም ሳይል ነው። ከሩጫው በኋላ መንዳት የለም፤ እግር ቢወለም እንኳ እስከ ማግስቱ ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣለሁ። በማለዳ ሥራ መጀመር በእርግጥ ይረዳል፤ ምክንያቱ ግን እሳቸው ያሉት አይደለም። ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ የሚያቆም ሾፌር ፓርኪንግ ሳይሞላ ይደርሳል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ይሮጣል። ማምሻውን የሚደርስ ግን መጀመሪያ ቦታ ፍለጋ ሲዞር ያመሻል፣ ከዚያ በጨለማ ይሮጣል፣ ወይም ጨርሶ ይተወዋል። ረጅሙ ሩጫ ለ34 ሰዓቱ ሪሴት (የሳምንቱን የሥራ ሰዓት ቆጠራ እንደ አዲስ ለሚያስጀምረው እረፍት) ይቆይ፤ እሱም ጥሩ እንቅልፍ ከተተኛ በኋላ፣ በሪሴቱ የመጀመሪያ አጋማሽ። ሪሴቱ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀረው 15 ኪሎ ሜትር ሮጦ ወደ መሪ መሄድ የእረፍቱን ትርጉም ያጠፋዋል።

ቀን አለማቋረጥና 21 ቀን ወደሚለው ልለፍ። ቁጥሩ በአፍ ስለሚጣፍጥ ከሰው አፍ አልጠፋም፤ መሠረት ግን የለውም። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ ተከታትሎ ነበር። በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፤ እንደ ሰዉና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ ተገምቷል። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እዚህ ግባ የሚባል አልጎዳውም። ከዜሮ መጀመር የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

ለሾፌር ደግሞ ቀን አታቋርጥ የሚለው ሕግ ከጅምሩ የሚፈርስ ነው። ቢሮ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ከሥራ በፊት እሮጣለሁ ማለት ይችላል። ሾፌር ዛሬ ጠዋት ይጭናል፣ ነገ እኩለ ሌሊት ላይ ያራግፋል፣ ከነገ ወዲያ የበረዶ ማዕበል ዋዮሚንግ ውስጥ መንገድ ዘግቶ ያስቀምጠዋል። በሰዓት የታሰረ ልማድ እንዲህ ባለ ሕይወት ውስጥ ሳምንት አይዘልቅም። ሰውየው ሲያዛንፍ ደግሞ ጥፋቱን ከዕቅዱ ሳይሆን ከራሱ ይፈልገዋል፤ ሰነፍ ነኝ ብሎ ይደመድማል። ብዙ ሰው ሩጫ የሚተወው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

መላው ልማዱን ከሰዓት ፈትቶ ከሥራው ድርጊት ጋር ማሰር ነው። ሾፌር መቼም የማያዛንፋቸው ነገሮች አሉት። መኪና ያቆማል፣ ብሬክ ይይዛል፣ ጎማና መብራት ይፈትሻል፣ ሎጉን ይዘጋል። እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ይሁን፦ ፍተሻው አልቆ ሎጉ ሲዘጋ የሥራ ጫማ ይወልቃል፣ የሩጫው ይገባል፣ አሥር ደቂቃ በእግር ይሄዳል። መሮጥ ወይም አለመሮጥ የሚወሰነው ከአሥር ደቂቃው በኋላ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወይም አልጋ ላይ ሆኖ አይወሰንም። ለዚህ ምክንያት አለው። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰውነት ሁልጊዜ የደከመ ይመስለዋል፤ እውነተኛው ድካምና የመቀመጥ መደንዘዝ የሚለዩት ከጥቂት እርምጃ በኋላ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላም እግሩ ከከበደ ተመልሶ ይተኛ፤ የቀኑን ግዴታ ተወጥቷል። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ከሮጠ ይበቃል። አንድ ቀን ቢያልፍ ግድ የለም፤ የአሥር ደቂቃዋ እርምጃ ግን በተከታታይ ሁለት ቀን እንዳትቀር መጠንቀቅ ነው።

ካልከበደ ሩጫ አይባልም ወደሚለው ስንመጣ ጸሐፊው የጠሩት ምስክር ለእኔ መሰከረ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ሕመምን ሊፈትን ብሎ አልነበረም። የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸውና በባዶ እግር ልምምድ የኖረበት ስለነበር ነው፤ ማለትም የለመደውን መረጠ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ 2፡12፡11 በመግባትም የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በባዶ እግር መሮጡ የጽናቱ ምንጭ ቢሆን ኖሮ ጫማውን ምን አመጣው? ሦስተኛውን ውድድር ደግሞ የአበበን ስም ለማነቃቂያ የሚጠሩ ሰዎች አያነሱትም። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ጉዳት ይዞ የተሰለፈው አበበ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። ወርቁን ለኢትዮጵያ ያመጣው ማሞ ወልዴ ነበር። በጽናት ስሙ ምሳሌ የሆነው ሰው ማቆም ያለበት ቦታ ላይ አቆመ።

ደግሞስ አገር ቤት ያሉ ሯጮች ሁልጊዜ በከባዱ የሚለማመዱ ይመስላቸዋል? እንጦጦ ጫካ ውስጥ በጠዋት የሄደ ሰው ያየዋል፦ በሰልፍ፣ በዛፎች መሀል እየተጠማዘዙ፣ ከእርምጃ ትንሽ በሚፈጥን አካሄድ። የዓለም ሻምፒዮን የሆኑ እግሮች ናቸው እንዲህ ዝግ ብለው የሚሮጡት። ከባዱ ልምምድ ቀን አለው፤ ቀላሉም ቀን አለው። አስፋልት፣ ኮሮኮንችና ጫካ ይፈራረቃሉ። ቀላሉን ቀን ቀላል አድርጎ መሮጥ ራሱ ዲሲፕሊን ነው፤ ለብዙ ሰው ደግሞ ከከባዱ ይልቅ የሚከብደው ይኸኛው ነው። ጸሐፊው ዲሲፕሊንን አለንጋ ብቻ አድርገውታል፤ ልጓምም መሆኑን ረስተውታል።

የሾፌር ሰውነት ከሌላው ጀማሪ የሚለይበት ነገርም አለ። አሥር ሰዓት የተቀመጠ ሰው የጭኑ መጋጠሚያ ፊት ለፊት ያሉት ጡንቻዎች አጥረው፣ የመቀመጫው ጡንቻ ደንዝዞ ነው የሚነሳው። ቀኝ እግሩ ደግሞ ፔዳል ላይ ሲነሳና ሲወርድ ስለሚውል የቅልጥሙ ፊት ሳይሮጥ ደክሟል። በዚህ ላይ በኮንክሪት መሬት ፈጥኖ መነሳት ቅልጥም፣ ተረከዝና የእግር መዳፍ ላይ የሚያደርሰው ይታወቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አሥሩ ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ በጣት ከፍ ዝቅ ማለት ሁለት ጊዜ አሥር አሥር፣ እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማወዛወዝ በየእግሩ አሥር፣ ከዚያ ሩጫ። ሳይሞቁ ጡንቻን ጎትቶ መያዝ ለኋላ ይቆይ። ጀማሪ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ ይራመድ፤ ይህን ስምንት ጊዜ ቢደግም 24 ደቂቃ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ከሄደ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ ይራመድ። ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስልክ ደውሎ ቃል ሳይቆራርጥ ማውራት ካልቻለ ፈጥኗል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሰውየው ትንፋሹ ሲሰፋ ቻልኩት ብሎ ርቀቱን እጥፍ ያደርጋል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ቅልጥሙን ይዞ ይቀመጣል። በየሳምንቱ ከአንድ አሥረኛ ብዙ አለመጨመር የቆየ ልማድ ነው፤ ይሠራልም። ሕመም ሁሉ በሐሳብ የሚሸነፍ አይደለም። አረማመድን የሚቀይር ሕመም ካለ ሩጫው ያኔውኑ ይቆማል። አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደግሞ ረጅም ሰዓት በመቀመጥ የሚመጣ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የደረት ሕመምም እንደዚሁ።

ቦታና ጨለማ ሰበብ አይሆኑም የሚለውን ሳነብ ጸሐፊው በእርግጥ ትራክ ስቶፕ ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ኢንተርስቴት (ግዛት አቋራጭ አውራ ጎዳና) ላይ በእግር መሄድ በአብዛኛው ግዛት ክልክል ነው። ትራኮች በተደረደሩበት መሀል መሮጥ ደግሞ ከዚያ አይሻልም፤ ወደ ኋላ የሚመልስ ሾፌር በቀኙ በኩል የሚያልፍ ሰው አይታየውም፣ ይህን ደግሞ ከሾፌር በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ዋዜማውን ነው። መንገዱ ሲታቀድ ለማቆሚያ ከታሰቡት ቦታዎች በአንዱ አጠገብ የትምህርት ቤት መሮጫ፣ መናፈሻ፣ የእግረኛ መንገድ ያለው የከተማ ጎዳና፣ ወይም ቅዳሜና እሁድ ጭር የሚል የመጋዘን ሰፈር መኖሩ በሳተላይት ካርታ ይታያል። አሥር ማይል ቀድሞ ማቆም የሚያስፈልግ ከሆነም ይቆማል። ለመጫኛ ቦታዎች የሚያስፈልገው አንጸባራቂ ሰደርያ መኪናው ውስጥ አለ፤ እሱን መልበስ፣ የሚመጣ መኪና ፊት ለፊት እንዲታይ በግራ ጠርዝ መሮጥ፣ አንዱን ጆሮ ክፍት መተው፣ መታወቂያና ስልክ መያዝ፣ የት እንደሄዱ ለአንድ ሰው መንገር። ስልኩን ትቶ መሮጥ አእምሮ ያሳርፋል ማለታቸው ገብቶኛል፤ ድምፁን አጥፍቶ ኪስ ውስጥ መክተትም ያሳርፋል።

ደፍሮ መናገር ያለበትም ነገር አለ። በማያውቀው ሰፈር፣ ከንጋት በፊት፣ በጨለማ የሚሮጥ ጥቁር ሰው አሜሪካ ውስጥ የሚገጥመው አደጋ መኪና ብቻ አይደለም። አህሞድ አርበሪ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። የካቲት 2020 ጆርጂያ ውስጥ ሲሮጥ ሰዎች በመኪና አሳደው በጥይት ገደሉት፤ በቀጣዩ ዓመት ሦስት ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ። ይህን የማነሳው ሰው ሩጫ እንዲተው አይደለም። ሌሊቱ የጀግና ነው ብሎ መምከር ግን የአንባቢውን ማንነት መርሳት ነው። ብቻቸውን የሚነዱ እኅቶቻችን ደግሞ ይህን ስሌት ሳይነገራቸውም በየቀኑ ይሠሩታል።

የአየሩን ጉዳይ በአጭሩ። በሐምሌ ፊኒክስ አካባቢ ፀሐይ ጠልቃም አስፋልቱ ገና ይጋገራል፤ እዚያ ንጋት ብቻ ነው ያለው፣ ያም ካልተመቸ እርምጃ በትራክ ስቶፑ ውስጥ። በኢንተርስቴት 40 (አይ 40) ላይ ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በአይ 80 ላይ ያለችው ላራሚ ትበልጣለች። ከዳላስ ተነስቶ በሁለት ቀን እዚያ የደረሰ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው አይግረመው። አዲስ አበባ ተወልጄ የሚለው አያድንም፤ ደም የለመደውን ከፍታ በሳምንታት ውስጥ ይረሳል።

በጾም ስለ መሮጥ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። አትሌቶቻችን በሁዳዴም በረመዳንም ሲለማመዱ ኖረዋል፤ የሚቻል ነው። ነገር ግን እነሱ ከልምምድ በኋላ ያርፋሉ እንጂ 600 ማይል አይነዱም። ውሃ የጎደለው፣ ስኳሩ የወረደ ሰው የመጀመሪያው ጉድለቱ ትኩረት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጾሙን ሊፈታ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሩጫውን ያድርገው፣ ያውም ዝግ ያለና ከዚያ በኋላ መንዳት በሌለበት ቀን። በረመዳን እንደዚሁ ከማፍጠሪያ በፊት ሃያ ደቂቃ፣ ወይም ካፈጠሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው። በነገራችን ላይ ፍሪጅ የማይጠይቅ የሾፌር ስንቅ ከተፈለገ በሶ የሚያህል የለም፤ አራት ማንኪያ በውሃ ተበጥብጦ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር ገብቶበት ከሩጫ በኋላ ያቆማል።

በጣም የሚያጓጓው የጸሐፊው ሐሳብ ጽናቱ በራሱ ወደ መሪው ይሻገራል የሚለው ነው። ቢሆን ደስ ባለኝ። ማራቶን የሚጨርስ ግን ትራፊክ ላይ የሚሳደብ ሰው ሞልቷል። የሚሻገረው በሩጫው ውስጥ ሆን ተብሎ የተለማመዱት ነገር ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ በእልህ የሮጠ ሰው የሚሻገርለት እልሁ ነው። ለሾፌር የሚጠቅመው ችሎታ ደግሞ ራስን መግታት፣ ኃይልን ማከፋፈልና ድካምን ከመባባሱ በፊት ማወቅ ነው። ይህን የሚያስተምር አንድ ቀላል ልምምድ አለ። 12 ደቂቃ በአንድ አቅጣጫ ይሮጣል፤ የደረሰበት ምልክት፣ ዛፍም ይሁን ፖል፣ ይያዛል፤ ከዚያ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። የመመለሻው ጊዜ 12 ደቂቃ ወይም ጥቂት ሰከንድ ያነሰ መሆን አለበት። 13 ደቂቃ ከፈጀ፣ ነፋስና ዳገት ካልሆነ በቀር፣ ሲሄድ ቸኩሏል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ሰው ይወድቃል፤ ከወንበር የተለቀቀ እግር መቸኮል ይወዳልና። የሚመዘነው ፍጥነቱ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ደቂቃዎች ሊፈጥን እየቻለ አለመፍጠኑ ነው የሚመዘነው። በመንገዱ መመለሱ ደግሞ በማያውቁት ከተማ ከመጥፋት ያድናል።

ከሩጫው ስንት ኪሎ ሜትር ሆነ ብሎ ከመመዝገብ ይልቅ ሦስት ነገር መጻፍ ይበልጥ ይጠቅማል፦ ያለፈው ሌሊት እንቅልፍ በሰዓት፣ የመሄጃና የመመለሻ ደቂቃ፣ መኪና ከማቆሙ በፊት በነበረው የመጨረሻ ሰዓት ምን ያህል እንዳዛጋ። ከአንድ ወር በኋላ ሦስቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ሾፌሩ ስለ ራሱ ሰውነት ከየትኛውም ምክር የበለጠ ያውቃል። ከስድስት ሰዓት በታች የተኛበት ቀን መመለሻው ሲዘገይ፣ ማዛጋቱ ሲበዛ ያየዋል። ያን ቀን ሩጫ የለም፤ እርምጃ ብቻ።

ትራካቸውን ሲዞሩ የሚታዩትን በተመለከተ ቀልዱ ቦታውን ስቷል። ትራክተሩና 53 ፊት ትሬለሩ አንድ ላይ ከ21 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ ዙሪያውን አንድ ጊዜ መዞር ወደ 50 ሜትር ነው። 32 ዙር አንድ ማይል ይሞላል። ዶክ ላይ ሦስት ሰዓት የሚጠብቅ፣ ስሙ ሲጠራ መቅረብ ያለበት ሰው ርቆ መሮጥ አይችልም፤ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ግን ይህ ይሻላል። ግቢው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ሰደርያ ተለብሶ፣ አጠገቡ የሚንቀሳቀስ ትራክ በሌለበት መዞር ነው። በመጀመሪያው ዙር ጎማና መብራት ይታያል። በየስምንት ዙሩ ደግሞ አቅጣጫ ይቀየራል፤ ያለዚያ በ32ቱም ዙር አራቱንም ማዕዘን ሲታጠፍ ጫናው የሚያርፈው በአንድ ጎን ብቻ ነው።